ከጅቡ ጀርባ ያለው አጥር

እናንተ ልጆች፣ ጠመንጃ ስትይዙ ጣታችሁ ቶሎ ቃታው ላይ ይሄዳል። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። እስቲ ስለ አንድ ጅብ ላጫውታችሁ።

ነሐሴ ነበር። ከሳሊተ ምሕረት ጀርባ ያለው እርሻ ሁሉ ለሕንፃ መሠረት የሚቆፈርበት ዘመን። እኔ ቆላ ወርጄ አዳኞችን መምራቱን ትቼ፣ አንድ ጅምር ሕንፃ ዘበኛ ሆኜ ገብቻለሁ። ባልደረባዬ ኦቦ ዳባ የዚያው መንደር ገበሬ ነበሩ። ሕንፃው የቆመው እሳቸው ጤፍ ይዘሩበት በነበረው መሬት ላይ ነው።

በዚያ ሰሞን አንድ ጅብ በቀን ብርሃን እየወጣ ሰው መንከስ ጀመረ። አንዲት የቀን ሠራተኛ እግሯን ቦጨቃት። ጤነኛ ጅብ እንዲህ አያደርግም፤ ያበደ ነው። ቀበሌና ፖሊስ ተነጋግረው እንድንገድለው ፈቀዱልን። ያለን መሣሪያ አንድ ምንሽር ነው፤ እሱን እኔ ያዝኩ፣ ኦቦ ዳባ ዱላቸውን ያዙ።

ማለዳ ወጣን። ሲዘንብ አድሮ ጭቃው ቦት ጫማችንን ይስባል፤ ጉሙ አልተገፈፈም። ዱካውን አሸዋ ክምር አጠገብ አገኘሁት። ጥፍሩ ጭቃው ውስጥ ጠልቋል፤ አካሄዱ ግን እንደ ሰካራም ይወላገዳል፣ አንድ የኋላ እግሩንም ይጎትታል። ዱካው ውስጥ ውሃ ገና አልሞላም።

«ቅርብ ነው» አልኩ።

«ታዲያ አቀባብለው እንጂ!»

«ከፊታችን ያለውን ቦይ ሳንሻገር አይሆንም፣ ኦቦ ዳባ። ቢያንሸራትተኝ ጥይቱ የሚያገኘው እርስዎን ነው።»

አጉረመረሙ። ተሻግረን አቀባበልኩ፤ አፈሙዙን ወደ መሬት፣ ጣቴን ከቃታው ውጭ አደረግኩ።

ጅቡ ከተደረደሩ የሲሚንቶ ቱቦዎች መሃል ብቅ አለ። አንገቱን ደፍቷል፣ ከአፉ አረፋ ይንጠባጠባል። አነጣጠርኩ። ከጅቡ ጀርባ የቆርቆሮ አጥር አየሁ፤ ከአጥሩ በላይ ጭስ ይወጣል። የቀን ሠራተኞች ማደሪያ ነው። ሕፃን ሲያስል ሰማሁ። ለምንሽር ጥይት ቆርቆሮ ምኑ ነው?

«ተኩስ! ምን ትጠብቃለህ?»

ከመሠረቱ ወጥቶ በጎን የተቆለለው አፈር ከጅቡ ኋላ እንዲሆንልኝ ወደ ጎን መሄድ ጀመርኩ። ጭቃው እግሬን ያዘኝ። ጅቡ እኔን ትቶ ኦቦ ዳባ ላይ ዘለለ። ዱላቸውን ሰነዘሩ፤ ቀኝ ክንዳቸውን ነከሰ። አሁን ደግሞ ብተኩስ የምመታው እሳቸውን ነው። ሲጮኹ እየሰማሁ፣ ጠመንጃ ይዤ መተኮስ አልቻልኩም። እንዲህ ያለ ጭንቅ አይግጠማችሁ።

በእግራቸው ሆዱን ደጋግመው ረገጡት። ለቀቃቸውና ወደ እኔ ዞረ። ከኋላው አፈር ብቻ ነበር። ተኮስኩ፤ ወደቀ።

ቀልሃውን አውጥቼ፣ መሣሪያው ባዶ መሆኑን አይቼ ነው ወደ እሳቸው የሮጥኩት። ያቺን መዘግየትም ቂም ያዙብኝ።

ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው፤ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መርፌ ጀመሩ። መርፌውን እስኪጨርሱ ድረስ በሽታው ይነሳባቸው ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። እሳቸው ደግሞ «ሰው ሲበላ ቆሞ የሚያይ» እያሉ ለመንደሩ ይነግሩ ነበር። ሚስታቸው በደጄ አልፋ ስትሄድ ፊቷን ታዞር ጀመር።

አንድ ቀን ክንዳቸውን በጨርቅ አንጠልጥለው መጡ። «ና» አሉኝና ጅቡን ያገኘንበት ቦታ ወሰዱኝ። እኔ የቆምኩበት ላይ ቆመው አጥሩን አዩ። ቀስ ብለው ሄደው በቆርቆሮው ክፍተት አጮለቁ። ውስጥ አንዲት እናት ልጇን አዝላ ልብስ ታጥባለች፤ ሠራተኞች ተሰብስበው ቁርስ ይበላሉ።

«ማታ ቤቴ ና» አሉኝ በመጨረሻ። «ለሚስቴ አንተው አስረዳት። እኔማ ስንቱን ክፉ ነግሬያታለሁ፣ አሁን አታምነኝም።»

የተነከሰው ቀኝ እጃቸው ግን እንደታጠፈ ቀረ። እስከ ዛሬ ሰላም የሚሉኝ በግራ ነው። ያ ጠዋት ተመልሶ ቢመጣም፣ ከጅቡ ጀርባ ያለውን ሳላይ አልተኩስም።