ለኤሊዩ ያልተሻገረው መድኃኒት

ኔሬይዳ ጠጉር ሠሪ ነበረች፤ ታናሽ ወንድሟ ኤሊዩ ጎማ ጠጋኝ። ሁለቱም ከሄሮይን ሱስ የሚያላቅቀውን መድኃኒት፣ ሜታዶንን፣ የጀመሩት ሄሮይን የእናታቸውን ቤት አራግፎ ከጨረሰ በኋላ ነው። በየማለዳው ከኛ ከኡቱዋዶ ተራራ በሚኒባስ ወደ አሬሲቦ ከተማ ይወርዱና ክሊኒኩ ውስጥ ነርሷ ፊት መድኃኒቱን ጠጥተው ይመለሳሉ።

"ሱስ በሱስ ለወጣችሁ እንጂ ምን ፈየዳችሁ?" አለቻት አንድ ቀን ጎረቤቴ፣ ጠጉሯን እያስታጠበች።

"ዱሮ ቢሆን ቦርሳሽን እዚህ ታስቀምጪ ነበር?" አለቻት ኔሬይዳ። ሁላችንም ሳቅን።

ከዚያ አውሎ ነፋሱ መጣ። ወደ አሬሲቦ የሚያሻግረንን ድልድይ ጠርጎ ወሰደው፤ መብራትም ስልክም ጠፋ። መድኃኒቱ ተቋርጦ ቀናት ሲያልፉ ኤሊዩ ያዛጋው፣ ያንቀጠቅጠው፣ ሆዱን ይቆርጠው ጀመር። እሷም አልተሻላትም፤ ግን ታላቅ ናትና ዋጥ አደረገችው። ሰዎች ወንዙ ላይ ገመድ ወጥረው እየተሻገሩ መሆኑን ስትሰማ ቀሰቀሰችው።

"ተነስ፣ እንሂድ።"

"እግሬ አልታዘዝ አለኝ፣ ኔሪ።"

"የኔስ ታዞልኝ ነው?"

እየጎተተች ወንዙ ዳር አደረሰችው። የደፈረሰውን ውሃ ሲያይ ግን ጭቃው ላይ ዘጭ አለ። ተቆጣችው፤ ለመነችው። "አንቺ ሂጂ። ለኔም ይዘሽልኝ ነይ" አላት።

"እስከዚያ ሌላ ነገር እንዳትነካ።"

"እማዬ ትሙት!"

ውሃው ደረቷ ላይ እየደረሰ ተሻገረች። ማዶ ላይ ውሃ የሚያመላልስ የጭነት መኪና አሳፈራት።

ነርሷ፣ እመት እንደማለት ዶኛ የምንላት ኢሉሚናዳ፣ በጄኔሬተር መብራት ትሠራ ነበር። ኔሬይዳ የወንድሟንም ድርሻ ጠየቀቻት።

"ልጄ፣ ለሌላ ሰው አሳልፌ ከሰጠሁ ይዘጉናል። የዚህ ሁሉ ሰልፈኛ ዕዳ በኔ ላይ ነው። ራሱ ይምጣ።"

ኔሬይዳ ጽዋውን ተቀብላ ጠጣች፤ የመጨረሻውን ጉንጭ ግን አልዋጠችም። ውጪ ጠርሙስ ውስጥ ተፍታ ለኤሊዩ ልትወስድለት አስባ ነበር። ነርሷ ለሁሉም እንደምታደርገው መዋጧን ልታረጋግጥ "ስምሽን ንገሪኝ" አለቻት። ኔሬይዳ አፏን እንደገጠመች ወደ በሩ ዞረች። የነርሷ ዓይን እንባ አቀረረ።

"ተይ፣ ልጄ። ዋጪው።"

ዋጠችው።

ስትመለስ ሕመሙ ለቀቃት፤ ሰውነቷ ሞቀ። መሻሏ አሳፈራት። ኤሊዩን ወንዙ ዳር አጣችው። ያገኘችው ጎማ መጠገኛው ጓሮ ነው፤ ጎማ ተደግፎ ተቀምጧል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። ያን ቀን የሸጡለት ሄሮይን ምን ተቀላቅሎበት እንደነበር እስከዛሬ የሚያውቅ የለም። በጥፊ መታችው፤ አፉ ውስጥ ተነፈሰችለት። እኛ ስንደርስ አልተወችውም ነበር። ኤሊዩ ግን አልነቃም።

እናታቸው ዶኛ ፕሪሚ ቀብሩ ላይ ልጇን አየቻትና "አንቺማ የራስሽን መድኃኒት ጠጥተሽ መጣሽ" አለቻት። ከዚያ ወዲያ አላነጋገረቻትም። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ምግቧን ከድና ትታላት ትገባለች። ኔሬይዳ መድኃኒቷን አላቋረጠችም። እኔ በሷ ቦታ ብሆን አቋርጥ ነበር፣ ወይም ወንድሜን እከተል ነበር።

በዓመቱ ሬዲዮ ሌላ አውሎ ነፋስ እየመጣ መሆኑን ተናገረ። በማግስቱ ማለዳ ዶኛ ፕሪሚ የልጇን በር አንኳኳች።

"ተነሺ። መንገዱ ሳይዘጋ ውረጂ፤ እዚያው አሬሲቦ ከመድኃኒትሽ ሳትርቂ አክስትሽ ጋ ሰንብቺ።"

"አንቺስ፣ እማ?"

"እኔ ምን እሆናለሁ፤ ሂጂ።"