ባለ ሁለት እጀታው ጽዋ

አክስቴ ጥንታዊም ሆነ ዘመናዊ የስኮትላንድ የብር ዕቃ ይሰበስቡ ነበር። በምንኖርበት በሮዝዌል ከተማ ውስጥ ያገለገለ የቤት ዕቃ የሚሸጥበት ቤት ካለ ቅዳሜያቸው እዚያ ነው። ከሁሉም ባለ ሁለት እጀታውን የመጠጥ ጽዋ ይወዱ ነበር። "እነዚህም ሰዎች እንደኛ በሁለት እጅ መቀበል ያውቃሉ" ይላሉ። ጠላ ቀድተው ሲሰጡኝ በአንድ እጄ ስልክ ከያዝኩ አይለቁልኝም። "አስቀምጠው፤ እጠብቅሃለሁ" ብለው ጽዋውን እንደያዙ ይቆማሉ።

ካረፉ በኋላ ልጃቸው ዕቃውን ሁሉ መስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ሎክ አደረገው። በሙት ዓመታቸው ዕለት ጽዋውን እንዲያወጣልን ብለምነው፣ "አንቲክ'ኮ ነው፣ ሰው ይጥለዋል" አለኝ። እናቱ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ሲያቀርቡት ኖረው ማን ጣለው? በገዛ ቤታቸው ጠላውን በፕላስቲክ ኩባያ፣ በአንድ እጃችን ተቀበልን፤ በሌላው ስልካችንን እየነካካን። አስቀምጡት ያለን ሰው የለም።

የብር ዕቃ ሳይጠቀሙበት ከቆየ ይጠቁራል። እኛ የሐዘን ልብሳችንን ካወለቅን ቆይተናል፤ ልጃቸውም ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ነበር። በመስታወቱ ሳይ ጽዋው ጠቁሯል። በዚያ ቤት ለእሳቸው ጥቁር የለበሰ እሱ ብቻ ነው።