አንዲት ጣሳ ውሃ

በእናቴ ቤት ውሃ ሦስት ጊዜ ሳይሠራ አይደፋም ነበር። ፊት የታጠብንበት እግር ያጥባል፤ እግር የታጠብንበት ጓሮ ወርዶ ጎመን ያጠጣል። ቢቸና በበጋ ምንጩ ይቀጥናል፤ ወረፋ ስንጠብቅ አርፍደን ግማሽ እንስራ ይዘን የምንመለስበት ቀን ብዙ ነው። ስለዚህ ውሃ የሚበረክትላት ልጅ በቤታችን ከቀዳሽ ካህን እኩል ትከበራለች። ያቺ ልጅ እኔ ነበርኩ። እጅ ሳስታጥብ ውሃውን እንደ ፈትል አቅጥኜ ስለማወርደው፣ አንዲት ጣሳ ሰባታችንንም አዳርሳ ትተርፋለች። እናቴ «እጇ ቡሩክ ነው» ስትል ለመስማት ጠብታ መሬት አላስነካም።

በሁለት ዓመት የምትበልጠኝ እህቴና እኔ ተማሪ ቤት የምንሄደው አብረን ነበር። የጃንሆይ ሥዕል በተሰቀለበት ክፍል ከፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ። ትምህርት እወድ ነበር፤ ከእሷም ይበልጥ።

አባቴ ቅኔ አስተማሪ ነበር፤ አንድ ቅዳሜ የጥንት የቅኔ ቤት ባልንጀራው ከነባለቤታቸው ከሞጣ መጡ። ለልጃቸው ሚስት ፍለጋ እንደሆነ፣ የታሰበችውም እህቴ እንደሆነች ከእኔ በቀር ቤቱ ሁሉ ያውቃል።

ከምሳ በፊት ያስታጠበችው እህቴ ናት። ጣሳውን ገለበጠችው። የእንግዳዋ ነጠላ ራሰ፣ ወለሉ ጭቃ ሆነ። እናቴ ዓይኗን አጉረጠረጠችባት። ከምሳ በኋላ ጣሳው ለእኔ ተሰጠኝ። ግማሽ ጣሳ ለሁሉም አዳርሼ የተረፈችውን ወደ ማሰሮው መለስኩ። ሴትዮዋ እጄን ያዝ አድርገው «ይቺስ ቤት ታቆማለች» አሉ። ደስ አለኝ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ሽማግሌ ሲላክ የተጠየቅሁት እኔ ሆንኩ። አባቴ «ታላቋ እያለች?» አለ። አንዱ ሽማግሌ፣ «የኔታ፣ ውሃ ያልበረከተለት እጅ እህል ይበረክትለታል?» ሲሉት ሳቀ። ያማረ ቃል ከሰማ መልስ ያጥረዋል። ትምህርቴን የወሰደው ያ ሳቅ ነው፤ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

በጥር ተድሬ ሞጣ ገባሁ። የሞጣው ቤት ጋን ምንጊዜም ሙሉ ነበር። የምሞላው ምራቷ እኔ ስለሆንኩ ቆጥቡ የሚል አልነበረም።

እህቴ ተምራ አስተማሪ ሆነች፤ ከዓመታት በኋላም ሞጣ ተመደበች። ቤቴ ምሳ ጠርቻት እጇን ላስታጥብ ጎንበስ ስል የጎበጠ ወገቤን አየች። እጇን እንደዘረጋች፣

«ያን ቀን አውቄ ነው የደፋሁት» አለችኝ። «አንቺን ይወስዱሻል ብዬ ግን አላሰብኩም።»

ጠብታ በጠብታ የቆጠብኩት ሁሉ እሷ በደፋቻት አንዲት ጣሳ ተበለጠ። እንባዬ መጣ፤ ከእንባው ግን ንዴቱ ቀደመ። ጣሳውን አዘንብዬ እንደ ፈትል አወረድኩላት።

«እስቲ ጨመር አድርጊልኝ» አለች።

አልጨመርኩላትም።