ዘውድነሽ በቴሌቪዥን የተናገረችው

ባለቤቴ ዘውድነሽ ሰው ማመስገን ከጀመረች ልክ የላትም። አትላንታ ዳር፣ ሳንዲ ስፕሪንግስ ያለ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች። ከሥራ ስትመለስ ደረጃው ላይ ያገኘችውን ጎረቤት ሁሉ ስታወድስ ራቷን ትረሳለች። ተይ ብላት አትሰማኝም።

በ1985 በጋ ላይ የቴሌቪዥን ሰዎች አፓርትመንታችን መጡ። ስለ አትላንታ ስፓኒሽ ተናጋሪዎችና ስለ ከተማው ሕዝብ መለወጥ ዘጋቢ ፊልም ይሠሩ ነበር። ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረውን ሜክሲኳዊቷን ሮሳን ማነጋገር ፈለጉ። ሮሳ እንግሊዝኛ ስለማትደፍር ዘውድነሽን ጎትታ አስገባቻት።

የእኔዋ በእንግዳ ፊት የጎረቤት ቤት እንዲያንስ አትፈልግም። የሮሳን ባል፣ አራት ልጆቿን፣ ሁለት ወንድሞቿንና እናቷን ከየክፍሉ ጠርታ ሶፋው ላይ ደረደረቻቸው። ከዚያ ካሜራውን እያየች፣ "እዚህ ቤት ዘጠኝ ሰው ይኖራል። ሲጣሉ ሰምቼ አላውቅም፣ የተባረከ ቤት ነው!" አለች። እኛ ዘንድ ቤቱ በሰው የሞላ ይከበራል እንጂ ይከሰሳል ብሎ ማን ያስባል?

ፊልሙ የታየ ቀን ሁላችንም እኛ ሳሎን ተሰብስበን፣ ዘውድነሽ ብቅ ስትል አጨበጨብን። በሦስተኛው ቀን ሮሳ ከአከራዩ የመጣ ደብዳቤ ይዛ፣ አንብቢልኝ ብላ መጣች።

ውሉ ለስድስት ሰው ነው፣ ጎረቤታችሁ በቴሌቪዥን እንደመሰከረችው ግን ዘጠኝ ናችሁ፣ በአሥር ቀን ቤቱን ልቀቁ ይላል። ዘውድነሽ "ጎረቤታችሁ" የሚለው ጋ ስትደርስ ያንን መስመር ዘልላ የቀረውን ነገረቻት።

በማግሥቱ እኔና ዘውድነሽ የአከራዩ ቢሮ ሄደን ለመንን። ማናጀሩ ዘውድነሽን አየት አድርጎ፣ "የተናገርሽው አንቺው አይደለሽም እንዴ?" አላት። የቴሌቪዥን ጣቢያው ጋ ስንደውልም፣ አንዴ ተላልፏል፣ ምን እናድርግ አሉን።

"ሽፈራው፣ እኔ ያልኩትን ብቻ ኢሬዝ አድርገው ቢያጠፉትስ?" ትለኛለች፣ የጣቢያው ባለቤት እኔ ይመስል።

"ዘውዴ፣ ማናጀሩ እኮ አይቶታል" አልኳት።

የሄዱ ዕለት ፍራሾቹን ፒክአፑ ላይ አስረን ስንጨርስ ሮሳ ዘውድነሽን አቅፋ አለቀሰች። በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዋ፣ "በዚህ አገር ስለ እኛ ደግ የተናገርሽ አንቺ ብቻ ነሽ" አለቻት።

ዘውድነሽ እውነቱን ልትነግራት አፏን ከፈተች። የሮሳ ባል መኪናውን አስነሣ።