ከምንጣፉ ሥር የሚገባው

አቶ ዓባይነህ እንጅባራ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የግዥ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጡ። በዚያ ሁሉ ዘመን ያለ ሦስት ፕሮፎርማ እስክሪብቶ እንኳ ገዝተው አያውቁም። አንድ ጊዜ ለአዳራሹ ወንበር ለመግዛት ሲያጠኑ ሁለት ዓመት አለፈ። ሠራተኛው ቆሞ መሰብሰብን ለመደ፤ እሳቸው ደግሞ ስለ ጥንቃቄያቸው የምስጋና ወረቀት ተቀበሉ።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ልጃቸው ትዕግስት ከባሕር ዳር ትልቅ ምንጣፍ ላከችላቸው። ለእናቷም ደውላ፣ "እማዬ፣ የእንጅባራን ብርድ ታውቂው የለ? ሲሚንቶው ላይ እንዲሁ እንዳታነጥፉት፤ ከሥሩ የሚሆን ነገር ግዙ" አለቻት።

እናቷ ወይዘሮ ውብአየሁ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በማግስቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ለገበያ ተነሡ።

"ጥናት ሳይደረግ?" አሉ ባላቸው።

ጥናቱ ሦስት ወር ፈጀ። አቶ ዓባይነህ መስፈርት ጻፉ፤ ለውፍረት ሃምሳ ነጥብ፣ ለልስላሴ ሠላሳ፣ ለቀለም ሃያ።

"ከሥር ለሚውል ነገር ቀለም ምን ያደርግለታል?"

"ቅጹ ላይ ቦታ አለው።"

በመጨረሻ በሚኒባስ ዳንግላ ሄዱ፤ ከመናኸሪያው በጋሪ ገበያ ገቡ። ባለማህተም ፕሮፎርማ ሲጠይቁ ሁለት ነጋዴዎች ሳቁባቸው። ሦስተኛዋ፣ ምህረቴ የምትባል ስፖንጅ ሻጭ፣ አልሳቀችም። ሁለት ናሙና መሬት ላይ ዘረጋችላቸው።

"ጫማዎን ያውልቁና ይቁሙባቸው።"

"በእግር የሚለካ መስፈርት የለኝም።"

"እንግዲያው ልንገርዎት። ይሄ ወፍራሙ ስፖንጅ በእጅ ሲነኩት ደስ ይላል፤ ሲቆሙበት ግን ተረከዝ ይሰምጣል። ይሄ ስሱ ከጨርቅ ቁርጥራጭ ተጠቅጥቆ የተሠራ ነው፤ ብርዱን ይከለክላል፣ አይሰምጥም። ለመሆኑ በርዎ ከሥሩ ስንት ጣት ያስገባል?"

አቶ ዓባይነህ ወረቀታቸውን አዩ። ስለ በር የተጻፈ ነገር የለም።

"በሩ የዚህ ግዥ አካል አይደለም" አሉና አራት ጣት የሚወፍረውን ስፖንጅ ገዙ። ዘጠና ስምንት ነጥብ አምጥቶ ነበር፤ ሁለቱ በቀለሙ ተቀነሰበት።

እሑድ ዕለት ለምንጣፉ ምረቃ የቀድሞ አለቃቸው አቶ ይሄነው ተጋበዙ። ከገቡ በኋላ በሩ ተዘጋ፤ አቶ ዓባይነህም በእንግዳቸው ፊት የምንጣፉን ጫፍ ከነስፖንጁ በሩ ሥር ድረስ ስበው በሲሚንቶ ምስማር መቱት። አቶ ይሄነው አጨበጨቡ። ከዚያ ረግረግ እንደሚሻገር ሰው ጉልበታቸውን ከፍ ከፍ እያደረጉ ወደ ወንበሩ ሄዱ። ጠረጴዛው ዘመም ብሎ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ጠላ ጭናቸው ላይ ደፋው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በእጃቸው ይዘው ጠጡ።

ጠላው ሥራውን ሲጀምር ወደ ጓሮ ለመውጣት በሩን ሳቡት። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ነው፤ ያበጠው ምንጣፍ ያዘው፤ ንቅንቅ አላለም።

"ዓባይነህ፣ ቶሎ በል እንጂ!"

"ጌታዬ፣ ምስማሩን ለመንቀል ጉጠት ያስፈልጋል። ጉጠቱ ደግሞ ውጭ፣ ማድ ቤት ነው።"

ደግነቱ የመስኮቱ ፍርግርግ ብረት ገና በጥናት ላይ ነበር። የቀድሞው የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ኮታቸውን ሰብስበው በመስኮት ወጡ፤ ወይዘሮ ውብአየሁ ከኋላ ገፋ አደረጓቸው።

ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ውብአየሁ ምስማሩን ነቀሉ፤ የበሩን ክፍተት በጣታቸው ለክተው ዳንግላ ወረዱ። ምህረቴ ሱቅ ጫማቸውን አውልቀው ስሱ ላይ ቆሙ፤ ጥቂት ወዲያ ወዲህ አሉና፣ "ይሄን ጠቅልይልኝ" አሏት። ከቀትር በኋላ ተነጥፎ አለቀ፤ በሩም እንደ ልብ ተከፈተ፣ ተዘጋ።

አቶ ዓባይነህ ሁለት ቀን አኮረፉ። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሚስታቸው ብቅ ቢሉ፣ ባዶ እግራቸውን ምንጣፉ ላይ ተጋድመው አገኟቸው።

"እንዴት ነው?"

"አይከፋም" አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው።

ዛሬ በሰፈሩ ምንጣፍ የገዛ ሁሉ ከሥሩ ምን እንደሚያደርግ የሚጠይቀው ወይዘሮ ውብአየሁን ነው። አቶ ዓባይነህም አብረዋቸው ይሄዳሉ፤ ሜትሩን ይይዙላቸዋል።