የማዶው ወፍጮ ቀድሞ ሲነሳ

በእኛ አገር እህል አስፈጪ የሚመርጠው ወፍጮ ሳይሆን ድምፅ ነው። ሴቶቹ ከብልባላ በላይ ካሉት መንደሮች አህያቸውን ጭነው ይወርዱና መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ላይ ቆም ይላሉ። ከወንዙ ወዲህ የእኔ ወፍጮ አለ፣ ከወንዙ ወዲያ የእሱ። ሞተሩ ቀድሞ ወደተሰማው ይዞራሉ። ሞተሩ ለዘገየበት ባለወፍጮ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ሁለት ሦስት ቁና ገብስ ነው።

እሱ የምለው ሰው ሞተር ማስነሳት የተማረው ከእኔ ነው። ልጆች ወልዶ፣ ትልቅ ሰው ሆኖ ነበር ወፍጮዬ ላይ ሊሠራ የመጣው። ሦስት ዓመት አብሮኝ ሠርቶ ከወንዙ ማዶ የራሱን ተከለ። ሲሄድ መርቄዋለሁ። ምርቃቱ ከአንጀቴ እንዳልነበረ የገባኝ ግን በመጀመሪያው ታኅሣሥ ነው። ውርጩ ሣሩን አንጥቶ በሚያድርበት በዚያ ወር፣ የእሱ ሞተር ገና ወፍ ሲንጫጫ ዱግ ዱግ ይላል። የእኔን እጀታውን ይዤ ባዞረው ባዞረው አንዴ እንኳ ሳያስነጥስ ዝም ይላል።

ቀናሁ። ሌላ ስም ብሰጠው ውሸት ነው። ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ጆሮዬን ወደ ማዶ እቀስራለሁ። ዝም ካለ ደስ ይለኛል፤ ከተነሳ ቁርስ አይወርድልኝም። ሰው «ምቀኛ አታሳጣኝ» እያለ ሲጸልይ እሰማለሁ። የእሱ ጸሎት ደርሶለታል፤ እኔን የመሰለ ምቀኛ ከደጁ ቆሞለታል።

ጥፋቱን ሁሉ ለብርዱ ሰጠሁት። ሞቅ ያለ ውሃ በማቀዝቀዣው በርሜል ጨመርኩ። ጨርቅ በናፍጣ ነክሬ፣ አቀጣጥዬ፣ ሞተሩ አየር በሚስብበት አፍ አጠገብ ያዝኩ። ማታ ማታ ጋቢዬን አለብሰው ጀመር። ባለቤቴ አይታ፣ «እኔን እንዲህ ሸፍነኸኝ አታውቅም» አለችኝ። የሚብሰው ደግሞ የበዓል ማግስት ነበር። በበዓል አይፈጭምና ሞተሩ ቆሞ ይውላል፤ ቆሞ ሲውል ብርዱ አጥንቱ ድረስ ዘልቆት ነው ብዬ ደመደምኩ። ሃያ ዓመት ሞተር ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ እንግዲህ። ሰውየው ያገኘውን ዘዴ ደብቆኛል ብዬም አማሁት። ወርቅ ላበደረ ጠጠር፣ አልኩ በልቤ።

ያን ዓመት የታኅሣሥ ገብርኤል ቅዳሜ ዋለ። እሑድም ተጨምሮ ሞተሩ ሁለት ቀን ቆመ። ገና ሊደርስ ቀናት ናቸው የቀሩት፤ ለላሊበላ በዓል እንግዳ የማይጠብቅ ቤት የለም። ሰኞ ጎህ ሲቀድ መንገዱ መከፈያ ላይ አህያ በአህያ ሆኗል። ክንዴ እስኪዝል አዞርኩ፤ ሞተሬ እንደ ድንጋይ ዝም። ማዶ ዱግ ዱግ አለ፣ አህዮቹም ወደዚያ ዞሩ። ከኋላቸው አንዲት ሴት ጆንያ አዝላ ትከተላለች። አየሁ፣ ደግሜ አየሁ። ባለቤቴ ናት።

የወፍጮ ባለቤት ሚስት በሰው ወፍጮ ደጅ ወረፋ ስትይዝ አገር ምን ይላል? ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ተሸሸግሁ። ከሰዓት ዱቄቷን ይዛ ገባችና ቁጣዬን ሳትጠብቅ፣ «እንግዳ የአንተን ቂም አይበላም» አለችኝ። ከዚያ ከማዶው ሰውዬ መልእክት እንዳለኝ ነገረችኝ።

«‹ጋሼን እንዳይቆጡኝ አድርገሽ ንገሪልኝ› ነው ያለው። በብርድ ያስቸገረ ሞተር ሲያዞሩት ነጭ ጭስ ይተፋል። የአንተ ግን ምንም ጭስ የለውም። ናፍጣው አይደርሰውም፣ አየር ገብቶበታል አለ። ቆሞ ሲውል የሚሾልክበት ቦታ ሳይኖረው አይቀርም አለ።»

«ጭሴን ደግሞ በምን አየው?»

«በየጠዋቱ ያይሃል እኮ» አለች።

ተማሪዬ ሊያስተምረኝ ነው ብዬ ተቆጣሁ። እሷ ውሃ ልትቀዳ እስክትወጣ ሞተሩን አልነካሁትም። ልክ እንደወጣች ግን በርከክ ብዬ ከናፍጣ ማጣሪያው ሥር ዳሰስኩ፤ ወለሉ ላይ ያለው ጭድ በናፍጣ ርሷል። የማጣሪያው ጎማ ቀለበት ተሰንጥቋል። የተረፈኝ ቀለበት ነበረኝ፣ ቀየርኩት። የላይኛውን ቡሎን አላልቼ አየሩን አስወጣሁ፤ አረፋ፣ አሁንም አረፋ፣ ኋላ ንጹሕ ናፍጣ ወረደ። አጥብቄ አዞርኩት። በሦስተኛው ዙር ነጭ ጭሱን ተፋና ተነሳ።

ማክሰኞ ቀድሜው አስነሳሁ። ከማዶ ድምፅ የለም። አህዮቹ ሁሉ ወደ እኔ መጡ፣ እኔም ዱቄት ውስጥ ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም። አንዲት ባልቴት ገብሳቸውን ሲያቀብሉኝ፣ ላሾፍ ብዬ፣ «የማዶውን ዛሬ ብርድ ያዘው መሰለኝ፣ እናቴ» አልኳቸው።

«ኧረ ምንም አልያዘው። መጀመሪያ እዚያ ነበርን እኮ። እጀታውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሏል። አስነሳልን እንጂ ብንለው፣ ‹ቆዩ፣ መጀመሪያ የጋሼ ይሰማ› አለን። የአንተ ሲነሳ ጊዜ፣ ‹በሉ ወደዚያ ሂዱ› ብሎ ሰደደን።»

ገብሳቸውን ተቀብዬ ወደ ወፍጮው አፍ አፈሰስኩት። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን የመጨረሻዋ አህያ እስክትሄድ ፈጨሁ፤ ባልቴቷ ያሉኝን ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ገናም ጥምቀትም አለፉ። አመሰግናለሁ ልለው ወንዙን እስካሁን አልተሻገርኩም።