የሐር ትሉ ጂንና የልጄ ቆዳ

ደብረ ማርቆስ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር ለሴሚናር የደረሰኝ ርዕስ በሐር ትል ሕዋስ ውስጥ ዲኤንኤን የሚጠግን አንድ ጂን ነበር። ተናደድኩ። ለሌሎቹ ጤፍና ስንዴ ሲደርሳቸው፣ እኔ ጎጃም ውስጥ ማንም የማይለብሰውን ሐር ታቅፌ ቀረሁ። የመጀመሪያ ልጄ ገና ጡት ስላልጣለች ንባቡን ቤት ይዤው ገባሁ።

እናቴ ልታርሰኝ ከደብረ ኤልያስ መጥታ እኛው ጋር ከርማለች። ጠዋት ጠዋት ልጅቱን ልብሷን አውልቃ፣ ለጋ ቅቤ ቀብታ ፀሐይ ታሞቃታለች፤ አጥንቷ እንዲጠና ነው። ልጄ ግን ገና ከደጅ ስትወጣ ታለቅሳለች። ጉንጯ ቀልቶ ውኃ ቋጠረ፤ ሲሽር ደግሞ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ አወጣች። እናቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሸችላት። ጋብ ሲልላት መልሳ ወደ ፀሐይ። እኔም ስንት ልጅ ያሳደገች እናት እያለች ምን አውቃለሁ ብዬ ለእሷ ተውኩት።

አንድ ጠዋት ንባቤ ዋናው ነገር ላይ ደረሰ። ከፀሐይ የሚመጣው አልትራቫዮሌት ጨረር የሐር ትሉን ዲኤንኤ ሲጎዳው፣ ጤነኛው ሕዋስ የተበላሸውን ቆርጦ አውጥቶ ይተካል። ጂኑ የተዳከመበት ሕዋስ ግን መጠገን ያቅተውና ይሞታል። ቀጥሎ ስለ ሰው የሚያወራ አንቀጽ ነበር። እንዲህ ያለው ጂን ተበላሽቶባቸው የሚወለዱ ልጆች ጥቂት ፀሐይ እንኳ ያቃጥላቸዋል፤ ቆዳቸው ነጠብጣብ ያወጣል፤ ገና በልጅነታቸው ካንሰር ይይዛቸዋል።

በመስኮት ሳይ እናቴ እግሯን ዘርግታ፣ ልጄን ጭኗ ላይ አስተኝታ ጀርባዋን ቅቤ ትቀባለች። ሮጬ ወጥቼ ነጠላዬን ልጄ ላይ ጣል አደረግሁና ነጥቄ ወደ ቤት አስገባኋት።

እናቴ ተከትላኝ ገባች። «ምነው ልጄ፣ ምን ነካሽ?»

«ፀሐይዋ ናት፣ እማዬ። ምች አይደለም። ሰውነቷ ፀሐይ አይችል ይሆናል።»

«ፀሐይ የማይችል ፍጥረት አለ እንዴ?»

ያነበብኩትን ነገርኳት፤ ካንሰር የሚለውን ግን ከአፌ ማውጣት አልቻልኩም። ሐኪም ሳያያት ምንም አይታወቅም አልኳት። ይህን ያልኩት ራሴን ለማጽናናት ነበር። እናቴ የልጄን ፊት ወደ መስኮቱ ዘወር አድርጋ ነጠብጣቡን ስታይ ቆየች።

«ይኼ ነገር በዘር ይመጣል?» አለችኝ።

«አዎ፣ በዘር ነው።»

መደቡ ላይ ቁጭ አለች። ከእኔ በፊት ወልዳው በልጅነቱ የሞተ ወንድም እንደነበረኝ አውቃለሁ፤ በምን እንደሞተ ግን ነግራኝ አታውቅም።

«ወንድምሽም እንዲህ አውጥቶ ነበር» አለች። «ደካማ ነው ብዬ፣ ቶሎ እንዲጠናልኝ፣ ከሁላችሁም አብልጬ ፀሐይ ያሞቅሁት እሱን ነው።»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ተሳስቼ ይሆናል የሚል ተስፋ ነበረኝ።